ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት

«ነይ እንጂ፤ መኪናው ሊሄድ ነው» አለች ከድጃ፣ ባዶ የስንቅ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ።

ዓቢዳ አልተንቀሳቀሰችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአዳራሹ የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ይመረጣል። ዕጩዎቹ እሷና ሮቤል ናቸው። ወደ ገጠር ቀያቸው ወደ ግራና የሚሄደው መኪናም ከመርሳ ከተማ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ምርጫውን የሚመሩት መምህር ስዩም «ዓርብ ይሁን?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ጁምዓ ሰግደን ከተመለስን በኋላ ከሆነ ይመቸናል» ያለችው እሷ ናት። ሶላቱን አስባ ስንቁን ረሳች። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ሁሉ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ሄደው እሑድ ይመለሳሉ። እሷን ሊመርጡ የነበሩትም እነሱ ናቸው።

«ተወዳደሪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ግን ዱቄታችን አልቋል፤ ምን ልንበላ ነው?» ከድጃ ዓይኗን ሰበረች። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት።

ሮቤል ከአዳራሹ ወጣ። የከተማ ልጅ ነው፤ አምና ምክትል ነበር፤ ዘንድሮ ገና ሳይመረጥ ጓደኞቹ «ፕሬዚ» ይሉታል። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ለዓቢዳ ይቀላት ነበር።

«ዓቢ፣ ሰዎችሽ ሄዱ አይደል? ዝም ብለሽ ተሸንፈሽ ከምትደበሪ ስምሽን ከዕጩነት አንሺና ጸሐፊ ላድርግሽ።»

«የቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ወደ ረቡዕ ይዛወራል?»

«ለምን? ቅዳሜ ሁላችንም እንገባ የለ?»

ሁለት ዓመት አብረው ተምረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹ ወንበር ባዶ መሆኑን ግን አላየም። ዓቢዳ በዚያች ቅጽበት የተሰማት ብቸኝነት፣ መርሳ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት እንኳን አልተሰማትም።

«እሺ፣ እናየዋለን» አለ ሮቤል ፊቷን አይቶ።

የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ዓቢዳ የራሷን ዘንቢል ለከድጃ አቀበለቻት።

«እማ ዱቄቱን በዚህ ትላክልኝ። ደህና ናት በያት።»

«እስከ እሑድስ ምን ትበያለሽ?»

«ትንሽ ቆሎ አለች።»

ከድጃ አንዴ አቀፈቻትና ሮጠች። ዓቢዳ መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪሰወር ቆማ አየችው፤ ማልቀስ አምሯት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም። ሮቤል ተናግሮ ሲጨርስ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ቀጥሎ ዓቢዳ» አሉ መምህር ስዩም፤ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «አለች ወይስ ሄዳለች?»

«አለሁ።»

ንግግሯን የጻፈችው መኪና ላይ ላሉት ልጆች ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከፊቷ ያሉትን የከተማ ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምንውል ልንገራችሁ» ብላ ጀመረች።