ቀይ አፈር ዝም ያለ ቀን

ትርንጎ የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ እንደገባች ሦስት መንገድ ገደለች፤ አንድ አስነሣች። በመናኸሪያው ቋንቋ መግደል መዝጋት፣ ማስነሣት ደግሞ መክፈት ነው። ወሳኙ እሷ ሳትሆን «አድማጭ» የሚባለው መሣሪያ ነው። በየመንገዱ ዳር የተበተኑ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ጆሮዎች የሰሙትን እየሰበሰበ፣ ተኩስ ወይም ለቅሶ ካለ ቀይ፣ ከሌለ አረንጓዴ ሰሌዳው ላይ ያበራል። ሰው የሚሳሳተውን እሱ አይሳሳትም ተብሎ የተገዛ ነው። የእሷ ድርሻ ማኅተም መምታት ነው።

የተነሣው የቀይ አፈር መንገድ ነበር። ስምንት ወር ቀይ ሆኖ ከርሞ ድንገት አረንጓዴ ሲሆን መናኸሪያው በእልልታ ቀለጠ። ታናሽ እህቷ ፈትለወርቅም እዚያ የቀረ ባሏን ላመጣ ብላ ከሁሉ ቀድማ ተሳፈረች። ሾፌሩ ጋሽ ደምሰው እንደ ደንቡ የራሱንም የተሳፋሪውንም ስልክ ሰብስቦ መናኸሪያው ውስጥ ቆለፈበት፤ ድሮን ስልክ አሽትቶ ነው የሚመታው። ከዚያ ወጡ።

ትርንጎ ግን ልቧ አላርፍ አላት። ማንም የማያደርገውን አደረገች፤ ማዳመጫውን አጥልቃ ቀይ አፈርን ራሷ አዳመጠች። ተኩስ የለም። ለቅሶ የለም። ወፍጮ፣ ደወል፣ አዛን፣ የውሻ ጩኸት እንኳ የለም። ነፋስ ብቻ። ሰላም የወረደበት አገር ቢያንስ ዶሮ ይጮህበታል። እዚያ የቀረ ሰው አልነበረም፤ የጨረሳቸው ግን የት እንዳደፈጠ ማን ያውቃል?

አለቃዋ አቶ ክፍሌ ዘንድ ሮጠች። ሰውየው ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየና አረንጓዴ አረንጓዴ ነው አላት፤ አድማጭ ለቅሶ ሳይሰማ መንገድ መዝጋት በእጁ እንዳልሆነም ነገራት። አውቶቡሱ ከሰሌዳው ጋር የተገናኘው መብራቱ ቀይ ሲሆን በራሱ ይመለሳል፤ ሌላ መጥሪያ የለውም።

ተመልሳ መሣሪያው የሚፈተሽበትን የመሞከሪያ ጆሮ አነሣች፤ ቀይ አፈር መግቢያ ላይ ያለ አስመስላ መዘገበችውና እንደሚያለቅስ ሰው ጮኸች። ሰሌዳው «ትወና» ብሎ ጻፈ። ደግማ ጮኸች። «ትወና»። ጆሮውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ስምንት ወር ሙሉ ቀይ አፈር ሲያለቅስ፣ በየጠዋቱ ማኅተሟን እየመታች መንገዱን የዘጋችባቸው እሷ ናት። ዝም ሲሉ ከፈተችላቸው። አውቶቡሱንም እህቷንም ረስታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሰሌዳው ቀላ።

አውቶቡሱ ከቀትር በኋላ ተመለሰ፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ትቆጣለች ስትል ፈትለወርቅ ፊቷ በርቶ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«መንገዱ የተዘጋው ለቅሶ ተሰምቶ ነው አሉን በሩ ላይ» አለቻት። «ከቀይ አፈር መግቢያ። የሚያለቅስ ካለ ሰው አለ ማለት ነው፤ አይደል፣ እታለም?»

ትርንጎ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«አዎ» አለች፤ «አንድ ሰው አለ።»