ሬዲዮና ጆሮ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ ከሆነ የጀመርኩት ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው በአንገቱ በኩል ይውጣ።

«መርፌና ክር» የሚባል የስልክ ግሩፕ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ ጥልፍ ጠላፊዎችና ማሽን ጠጋኞች ይውሉበታል። ማሽኑ የታመመበት ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልካል፤ ሌላው እያዳመጠ «መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል»፣ «መርፌው ተጣሟል» ይለዋል። ከሁሉም የሚበልጠው አንድ ጠጋኝ ነበር። አንዴ የአንዲትን ሰፊ ማሽን በስልክ አዳምጦ፣ «በግራ በኩል ሁለተኛዋ ብሎን ላልታለች፤ ደግሞ ድመቷን ከፔዳሉ ላይ አንሺያት» አለ። ድመቷም ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀረና ጆሮ ተባለ።

ሬዲዮ የምትባል ደግሞ አለች። የሙሽራ ልብስ ሰፊ። መጻፍ አትወድም፣ ሁሉን በድምፅ ነው የምትልከው። አንዱን መልእክቷን ሰምቶ ለመጨረስ ስልኩ ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩም ይደክማል። ጆሮ ግን አንዱንም አላጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፊቷን አንድ ቀን ሳያይ፣ የሰው ማሽን ፈትቶ ዘርግቶ እሷን ሲሰማ ይውላል። ስለ ዚፕ ስታወራ እንኳ ልቡ ይመታል።

አንድ ቀን ግሩፑ ላይ እንዲህ አለች፦

«ነገ አንገቴን ሊፈቱት ነው። እንቅርቴን ሊያወጡልኝ። ሐኪሙ መልሶ ሲገጥመኝ ብሎን እንዳያተርፍ ጸልዩልኝ!»

ሁሉም ሳቀ። ቀጥላ ለጆሮ ብቻ ሰባት ሰከንድ ላከችለት። ሰባት ሰከንድ ለሬዲዮ ዝምታ ማለት ነው።

«ጆሮዬ... ስመለስ የምነግርህ ነገር አለ።»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ድምፅዋ ግን አብሯት አልተነሣም። ሐኪሙ፣ «ነርቩ ተነክቷል። አርባ ቀን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ከዚያ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይቀራል» አላት። ታላቅ እህቷ ይህን ትእዛዝ ይዛ እንደ ዘበኛ አጠገቧ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ የሚመጣውን ሳይቀር አብራ ታነብባለች።

የግሩፑ አለቃ እትዬ ጥልፍ ወዲያው ሕግ አወጡ።

«ማንም እንዴት ነሽ እንዳይላት! ያቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ከተጠየቀች ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ሁላችሁም የማሽናችሁን ድምፅ አሥር አሥር ሰከንድ ላኩላት። ስትበረታ እሷም በማሽኗ ትመልስ።»

«የኔ ማሽን እኮ ሲሰፋ ያስነጥሳል፤ ጉንፋን ቢያሲዛትስ?» አሉ መጋረጃ ሰፊው ጋሽ መጋረጃ።

«እርስዎ ደግሞ! አፍንጫውን ጠርገው ይላኩዋ!»

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶ ማሽን በአልጋዋ ዙሪያ ተንጫጫ። በሁለተኛው ሳምንት ተነሥታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠችና አሥር ሰከንድ ላከች። ትርትርትር። «አለሁ» ማለቷ ነው።

ጆሮ ያንን ሳይሰማ ሱቁን አይከፍትም። ከዚያ ያቺን ሰባት ሰከንድ ያስከትላል። ምን ልትለው ነበር? ምናልባት የቺንጋ ዋጋ ልትጠይቀው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ... ምናልባትን ይዞ ይተኛል፣ ምናልባትን ይዞ ይነሣል። ድምፅዋ ቢቀርስ? «እኔስ እስከ ዛሬ ምን ያዘኝ?» ይላል ለብቻው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮ ሆኖ፣ አፍ እንዳለው ረስቶት ነበር።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ከማሽኗ ድምፅ ሥር ሌላ ነገር ተሰማ። የሚሻክር፣ የሚፋቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል።

ግሩፑ ታመሰ።

«ዝገት ነው!» አሉ ጋሽ መጋረጃ። «ይሄ ማሽን አብቅቶለታል!»

«ጥርሱ ተበልቶ ነው» አለ ሌላው።

ጆሮ ሠላሳ ጊዜ ሰማው። በመጨረሻ እሱም እንደ ሌላው ተሳሳተ። «ዘንጉ ደርቋል፣ ዘይት ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ የማሽኗ ድምፅ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ጆሮ እትዬ ጥልፍ ጋ ደወለ።

«እትዬ፣ ቤቷን ይንገሩኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ማሽኑን ዘይት ልቀባው።»

«ማሽኑን?»

«ማሽኑን።»

«በል እሺ። ሸሚዝህን ግን ቀይር፣ ማሽኑ እንዳይደነግጥ።»

በሁለት አውቶቡስ ሄደ። እህቷ በሩን ከፈተችለት። ሬዲዮ መስኮቱ ሥር፣ አንገቷ ላይ ሻሽ አስራ፣ ነጭ ቀሚስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ተያዩ። በድምፅ ጠግቤያታለሁ ያላት ሴት ዓይንም እንዳላት ገና ያን ጊዜ የገባው ይመስል፣ በሩ ላይ ተተክሎ ቀረ። እሷም ጎንበስ ብላ የሌለ ክር ፈለገች።

ከድንጋጤው ብዛት የዘይት ጣሳውን ነጩ ቀሚስ ላይ አስቀመጠው።

«አንተ! የሰው ሙሽራ በዘይት ልታጥብ ነው?» እህቷ ጣሳውን አነሣችው። በእጇ መዘነችው። እሱን አየችው። ከዚያ «ልብስ ላስጣ» ብላ ወጣች።

ጆሮ ማሽኑን ከፈተ። ዘንጉ ያብረቀርቃል።

«እስኪ ስፊ።»

አመነታች። ከዚያ ዓይኖቿን ጨፍና ፔዳሉን ረገጠች። ትርትርትር። ያ የሚሻክር ነገር መጣ። ጆሮ እጁን ዘርግቶ መዘውሩን ያዘው። ማሽኑ ቆመ።

ድምፁ ግን አልቆመም።

ከሻሹ ሥር የሚወጣ ቀጭን እንጉርጉሮ ነበር። እህቷ እንዳትሰማ ከማሽኑ ጩኸት ሥር ተደብቃ፣ የተረፋት ነገር ካለ ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። ጸጥታው ሲሰማት ዓይኖቿን ገልጣ ጉሮሮዋን በእጇ ሸፈነች።

«ዝገት...» አለች፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ። «ዝገት ነው አላችሁኝ።»

«ጋሽ መጋረጃ ናቸው! እኔ ዘይት ነው ያልኩት!»

ሳቀች። ሳቋም ሻከረ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«የምትነግሪኝ ነገር ነበር» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ።

«እሱን... አርባው ሲሞላ።»

«ገና አራት ቀን ይቀረዋል እኮ!»

«ሁለት ዓመት ዝም ብለህ የለ?»

«ማነው እዚያ ቤት የሚያወራው?» አለች እህቷ ከውጭ።

«ማሽኑ ነው!» አለ ጆሮ።

በአርባኛው ቀን ለግሩፑ አሥራ አንድ ደቂቃ ላከች፣ ለጆሮ ሰባት ሰከንድ። በሰባቱ ውስጥ ምን እንዳለ የነሱ ነው። የድሮው ድምፅዋ እንዳለ አልተመለሰም፤ ጆሮ አሮጌዎቹን መልእክቶች አሁንም አንዳንዴ ብቻውን ይሰማቸዋል። ጠዋት ከሷ በሚመጣው አሥር ሰከንድ ውስጥ ግን ዛሬ ሁለት ማሽን ይሰማል።

አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፣ እጅጌዬን አደራ። ጆሮ ተሳሳተ ያልኩት ውሸት ነው። እሱ ድምፅዋን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ለይቶታል፤ ዘንጉ ደርቋል ያለው እህቷ እንዳትነቃባት ነው። ማን ነገረህ ብትሉኝ፣ ጣሳውን በእጇ የመዘነችው እህቷ ናት። ጠብታ ዘይት አልነበረውም።