የፓስቲ የወር ሳጥን

«ውሻውን መውሰድ ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን እኔን ተሸክመሽ መኪናሽ ላይ ጫኚኝ። ቀላል እንዳልመስልሽ!»

ይህን ያሉት ኤይልሳ ትሬቮሮ ናቸው። ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። ቅጠል የሚሰበስቡበትን መንሽ በሁለት እጃቸው ጨብጠው የግቢያቸውን በር ዘግተው ቆመዋል። ከበሩ ውጭ የከተማው ምክር ቤት የእንስሳት ተቆጣጣሪ ሎሬል ኳስት የውሻ ማሰሪያ ገመዷን ይዛ ትቁነጠነጣለች። የጸቡ መነሻ ደግሞ በረንዳው ላይ አገጩን ወለሉ ላይ አስደግፎ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ ከገላው የሚበልጥ የሚመስል ቡናማ ውሻ ነው። ስሙ ፓስቲ ይባላል።

መርማሪ ሳጅን ቩላ ካስትሪኖስ ከመኪናዋ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ነው። ከአደሌድ ከተማ ሲልኳት አለቃዋ «አሮጊቷ በስልክ መውጫ መግቢያ አሳጣችን፤ ሂጂና አረጋጊያት» ብለዋት ነበር። መንሹን ስታይ እኒህ ሴትዮ የሚረጋጉ ዓይነት እንዳልሆኑ ገባት። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት።

«ሳጅን ቩላ እባላለሁ። ደውለው ነበር።»

«ዘገየሽ፣ ልጄ። እህቴን ውሻዋ ገደላት ብለው ጽፈው ጨርሰዋል። ፓስቲ መርልን! ፀሐይ ገደለቻት ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ትእዛዝ ነው፣ ሳጅን» አለች ሎሬል። «ሰው የገደለ ውሻ ይወገዳል። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም የመጣሁት።»

«ከሻይ በኋላም ይደርሳል» አለቻት ቩላ። «ገመዱን መኪናሽ ውስጥ አስቀምጪና ግቢ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት መርል ትሬቮሮ ከጓሮው ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ጭንቅላቷ የድንጋዩን ጠርዝ መትቷል፤ አጠገቧ የተዘነጠለ ካርቶን ወድቋል። ካርቶኑ በየወሩ በፖስታ ለፓስቲ የሚመጣለት የስጦታ ሳጥን ነው። ያን ሰዓት ኤይልሳ ክለብ ሄደው ሳር ላይ ኳስ የማንከባለል ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አምቡላንስ የጠራው ጎረቤቱ ክላይቭ ሮዌት ነው። የአካባቢው ፖሊስም ብዙ አልተጨነቀም፤ ሳጥኑ መጣ፣ ውሻው በደስታ አበደ፣ ዘሎ አሮጊቷን ጣላት ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

«እኔ ግን አንዲት ነገር አላስነካሁም» አሉ ኤይልሳ፣ ጓሮ ውስጥ ያለበሱትን ሸራ እየገለጡ። «"እናጽዳልዎት" ሲሉኝ ይችን መንሽ አሳየኋቸው።»

ቩላ ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች። ብስኩቶቹ በየቦታው ተበትነዋል። የደረቀ የካንጋሮ ሥጋ አለ። ሥጋ ተሞልቶ በሚጋገር ፓይ ቅርጽ የተሠራ የጨርቅ አሻንጉሊትም አለ፤ አንስታ ሳታስበው ጨመቅ አድርጋ መለሰችው። የተዘነጠለውን ክዳን በጣቷ ዳበሰችው። የጥርስ ምልክት የለበትም፤ ለሃጭም ነክቶት አያውቅም። የማሸጊያው ፕላስተር ደግሞ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በስለት ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ፓስቲ እስካሁን አንዱንም አልበላም?»

«ሻሹ ሳይታሰርለት?» ኤይልሳ በጥያቄው ተገረሙ። «ሳጥኑ በየወሩ አዲስ የአንገት ሻሽ ይዞ ነው የሚመጣው። መርል መጀመሪያ ሻሹን ታስርለታለች፤ ከዚያ ነው የሚበላው። እስከዚያ ጉበት አፍንጫው ላይ ብታስቀምጪለት እንኳ ለሃጩን ያዝረበርባል እንጂ አይነካውም። የድሮው ውሻችን በእርሻ መንገድ ላይ ለቀበሮ የተጣለ መርዝ በልቶ ነው የሞተብን። ያን ቀን መርል "ከእንግዲህ የእኔ ውሻ መሬት የወደቀ አይበላም" ብላ ማለች። ባለፈው ወር እንኳ አጥሩ ሥር ቋሊማ ተጥሎ አገኘን፤ ጉንዳን ጨረሰው እንጂ ፓስቲ ዞር ብሎ አላየውም።»

«ቋሊማውን ማን ጣለው?»

«የትምህርት ቤት ልጆች ይሆናሉ አልን።»

ቩላ ወደ በረንዳው ተመለከተች። በፓስቲ አንገት ላይ አናናስ የታተመበት አሮጌ ሻሽ አለ። አዲሱ፣ የእግር ኳስ ሥዕል ያለበት፣ ወረቀቱ ሳይከፈት ከሳጥኑ ሥር ተቀምጧል። ከዚያ በደረቷ ተኝታ ደረጃው ሥር አየች። አንድ ብስኩት ወደዚያ ተንከባሎ ኖሯል። ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ተጣብቋል፤ መካከሉ ላይ ሰማያዊ ፍርፋሪ ይታያል። የቀንድ አውጣ መርዝ ነው፤ አትክልት የሚተክል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውሻው የሚተኛበት ቦታ ደግሞ ከብስኩቱ አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው።

ብስኩቱን የማስረጃ ከረጢት ውስጥ ስትጨምረው ቁጣ ቆነጠጣት። ሰው ለመግደል የሚመጣ ሰው አይታ ታውቃለች፤ እንስሳን በደስታው ቀን ለመግደል የሚመጣ ግን በጣም አስጠላት።

ወጥ ቤት ውስጥ የእህትማማቾቹ የወንድም ልጅ ብሮዲ የተጠበሰ ዳቦ እያኘከ ነበር። እሁድ ዕለት ነው ዓሣ ላጥምድ ብሎ ከከተማ የመጣው።

«አክስትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ቁርስ ላይ። ከዚያ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወጣሁ።»

«ማን አየህ?»

«ያጠመድኩት ዓሣ ካልመሰከረልኝ ማንም።»

«ውሻውን ትወደዋለህ?»

ብሮዲ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረበትም። «ለእኔ በዓመት አንድ የገና ካርድ፣ ለእሱ በየወሩ አንድ ሳጥን! ምን ብዬ ልውደደው? "አክስቴ፣ እኔም ሻሽ ልሰር?" እላት ነበር። እሷ ደግሞ በየወሩ ቪዲዮውን ትልክልኛለች። ሻሹን ስታስርለት፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ...» ዳቦውን አስቀመጠው። «ስልኬን ሞልቶታል። አንዱንም አላጠፋሁም።»

«የቀንድ አውጣ መርዝ እዚህ ቤት አለ?»

«እዚህ መንገድ ላይ የሌለበት ቤት ካለ አሳይኝ።»

አነጋገሩ ደፋር ነው፤ ዓይኑ ግን ከእሷ አልሸሸም። ቩላ አመስግናው ወደ ጎረቤት ተሻገረች።

የክላይቭ ሮዌት ሳር በማበጠሪያ የተበጠረ ይመስላል። የከተማዋ የውበት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ይህንም ሳትጠይቀው ነገራት።

«ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል» አለ። «ግን ስንቴ ተናገርኩ? አንድ ቀን ይሄ ውሻ ጉድ ያፈላል አላልኩም?»

«ምን አድርጎዎት ነው?»

«ድምፅ ነዋ! መጮኹ ሳያንስ ያ ሲጨመቅ ሲጥ ሲጥ የሚል አሻንጉሊት! ሳጥን በመጣ ቁጥር አዲስ። በጋው መጨረሻ ላይ ቤቷ ሄጄ እቅጩን ነገርኳት። "እሺ፣ ክላይቭ" ብላ ፈገግ አለች። ምን ተለወጠ? ምንም!»

«ማክሰኞስ ምን ሰሙ?»

«እዚሁ ወጥ ቤቴ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። በቃ ሳጥኑ መጥቷል፣ ውሻው አብዷል አልኩ። ከዚያ የእሷ ጩኸት። ከዚያ ዝም። ሮጬ ስሄድ ወድቃለች፤ ውሻው አጠገቧ ነው።»

«አሻንጉሊቱን በእርግጠኝነት ሰምተውታል?»

«ሳጅን፣ ያን ድምፅ በሕልሜም አውቀዋለሁ።»

ቩላ ተመልሳ ሳሎን ገባች። ጥጉ ላይ የፓስቲ አሻንጉሊቶች ያሉበት ቅርጫት አለ። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጨመቀቻቸው፤ ፓስቲ መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። ኤይልሳን አንዲት ጥያቄ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው። መልሱን ስትሰማ ተነሳች።

«ሁሉንም ጓሮ ይጥሩልኝ። ጎረቤትዎንም።»

ተሰበሰቡ። ክላይቭ ሰዓቱን እያየ መጣ። ሎሬል ግድግዳው ጋ ቆመች። ብሮዲ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ኤይልሳ መንሻቸውን አልለቀቁም።

ቩላ ከወጥ ቤት ያመጣችውን ቋሊማ ፓስቲ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠችና ራቅ አለች። ውሻው ቋሊማውን አየ። ለሃጩ እስከ ደረቱ ወረደ፤ ጆሮው ተንቀጠቀጠ። አልነካውም። ሁሉም ጠበቁ፤ እሱም ጠበቀ።

«ሎሬል፣ ሳጥን አይቶ አበደ የተባለው ውሻ ይሄ ነው» አለች ቩላ። «ሰው ሞቶ፣ ብስኩት ዙሪያውን ፈሶ፣ አንዱን አልቀመሰም። ምክንያቱም አዲሱ ሻሽ አልታሰረለትም። ስለዚህ ሳጥኑን የዘነጠለው እሱ አይደለም። ፕላስተሩን ሰው በስለት ቆረጠው፤ ክዳኑን በኋላ ውሻ ያደረገው እንዲመስል ቀዳደደው።»

«ሌባ ይሆናል» አለ ክላይቭ።

«ሌባ ብስኩት ውስጥ መርዝ አይሞላም።» ከረጢቱን አነሳችው። «ይህን ደረጃው ሥር አገኘሁት። ባለፈው ወር በአጥሩ ላይ ቋሊማ የወረወረ ሰው ፓስቲ ከመሬት እንደማይበላ አየ። ያኔ አንድ ነገር ገባው፤ ይህ ውሻ የሚበላው ከመርል እጅ ብቻ ነው። መርዙን ራሷ እንድታጎርሰው ፈለገ። ኤይልሳ እንደነገሩኝ፣ ፖስተኛው ሁልጊዜ ሳጥኑን ጓሮ ካለው የጋዝ ሲሊንደር ጀርባ ነው የሚያኖረው። ሰውየው ቀድሞ ወሰደው፣ ከፈተው፣ አንዱን ብስኩት ሞላ። ያኔ መርል በጓሮው በር ወጥታ እጅ ከፍንጅ ያዘችው። ሳጥኑን ልትቀማው ታገለችው፤ ገፈተራት።»

ኤይልሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብሮዲ ተነስቶ አጠገባቸው ቆመ።

«ታዲያ ማን?» ቩላ ቀጠለች። «ብሮዲ መርዝ አያጣም፤ ቅናትም ነበረበት። ግን የሻሹን ነገር በየወሩ በቪዲዮ ያያል። ውሻው አደረገው ለማለት ቢፈልግ ኖሮ መጀመሪያ ሻሹን ይቀይርለት ነበር። ኤይልሳም እንደዚያው። ይህን ድራማ የሠራው የሻሹን ነገር የማያውቅ ሰው ነው።»

«ከተማው በሙሉ አያውቅም!» አለ ክላይቭ።

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ሌላ ነገር ልጠይቅዎት።» ቅርጫቱን እግሩ ሥር አኖረችው፤ የፓይ ቅርጽ ያለውንም በጓንቷ ይዛ አሳየችው። «ማክሰኞ ሲጥ ሲጥ ሲል የሰሙትን ያውጡልኝ። ይጭመቋቸው።»

ክላይቭ አንዱን አነሳ። ጨመቀው። ድምፅ የለም። ሁለተኛውን አነሳ፤ እሱም ዝም አለ። ሦስተኛውን በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ከጓሮው በላይ ከሚጮኹት የባሕር ወፎች በቀር የሚሰማ አልነበረም። ቩላ አዲሱን ፓይ ራሷ ጨመቀችው፤ እሱም እንደ ወንድሞቹ ዝም አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ክላይቭ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

የመለሱለት ኤይልሳ ናቸው። «አንተ መጥተህ የጮህክባት ቀን መርል ለድርጅቱ ደወለች። "ጎረቤቴ ይረበሻል፤ ድምፅ የሌለው ብቻ ላኩልን" አለቻቸው። የሚጮኹትን አሮጌዎቹንም ለቃቅማ ጣለች። ከበጋ ወዲህ በዚህ ቤት አንድ አሻንጉሊት ሲጥ ብሎ አያውቅም። ለአንተ ብላ ነው፣ ክላይቭ! ጥላቻህ ዝምታውን እንኳ አላሰማህም!»

«ያልነበረ ድምፅ ሰማሁ ብለው ማሉ» አለች ቩላ። «ማክሰኞ ወጥ ቤትዎ አልነበሩም፤ እዚህ ነበሩ። የፕላስተሩ ሙጫ ላይም የጣት አሻራ ቀርቷል። አሁን ከእርስዎ ጣት ጋር እናመሳክረዋለን።»

«ለእሷ አልነበረም!» ክላይቭ ጮኸ። «ለውሻው ነበር! ለውሻው ብቻ! ሳጥኑን አልለቅም አለችኝ፤ ልቀቂ አልኳት፣ ልቀቂ...» ከዚያ ያለውን ሰማውና አፉን ያዘ።

ብሮዲ ወደ እሱ ሲንደረደር ኤይልሳ በመንሻቸው እጀታ አገዱት። ክላይቭን ትክ ብለው አዩት።

«አንድ ጊዜ እንኳ ስሟን አልጠራህም» አሉት። «መርል ነው ስሟ። መርል ትሬቮሮ። ፍርድ ቤት ቆመህ ትጠራታለህ፤ እኔም ፊትህ ተቀምጬ እሰማሃለሁ።»

ፖሊሶች መጥተው ከወሰዱት በኋላ ሎሬል በሩ ጋ ቆመች። «ትእዛዙን ራሴ ወስጄ ነው ለምክር ቤቱ የምመልሰው» አለች። «አልቀበልም የሚል ካለ መንሿን ያውሱኛል።» ኤይልሳ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ቩላ አዲሱን ሻሽ ፎቶ አንስታ ወረቀቱን ቀደደችና ሰጠቻቸው። ኤይልሳ አስረው አያውቁም፤ ይህ ሁልጊዜ የመርል ሥራ ነበር። ደጋግመው ሞከሩ፤ ቋጠሮው ተጣመመ። ፓስቲ ቋሊማውን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን አየ።

«ብላ በቃ» አሉት፣ ቋሊማውን አንስተው በእጃቸው እየዘረጉለት። «የእኛ ልጅ፣ ብላ።»

በላ። እሳቸው ደግሞ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሳጥኑን ለሚልከው ድርጅት ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ወሬውን ስትሰማ ደነገጠች።

«በጣም አዝናለሁ። ሳጥኑን እናቋርጠው?»

«ምን አልሽ? ማቋረጥ? እኔ እያለሁ?» ኤይልሳ ቀና አሉ። «የደንበኛውን ስም ወደ ኤይልሳ ቀይሪው። ደግሞ ስሚኝ፣ እህቴ ድምፅ የሌለው ይላክ ብላ ነግራችሁ ነበር። እሱን ሰርዢው። የሚጮኸውን ላኩልን። ካላችሁ ሁሉ አብልጦ የሚጮኸውን!»

ስልኩን ዘጉና የተጣመመውን ሻሽ አስተካከሉለት።