ጃንጥላ የያዘችው አስጎብኚ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሰዓቱ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ወፍ እንኳ ያልተንጫጫበት ሰዓት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሰው የሌለበት መንገድ። አገሩ የእኛ አገር አይደለም፣ አውሮፓ ነው። የከተማዋን ስም ግን አልጠራውም።

ልጁ ቃለአብ ይባላል። ጀርመን አገር ምሕንድስና ይማር ነበር። ከክፍል ጓደኛው ከሰሎሜ ጋር ቅዳሜና እሁድን ያቺን ጥንታዊ ከተማ ሊጎበኙ በአውቶቡስ ሄዱ። ቃለአብ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነው። ቅዳሜ ግንቡን አየ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አየ፣ ማማው ላይ ወጣ፤ አልጠገበም። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሰሎሜን በር አንኳኳ።

«ድልድዩን ሰው ሳይሞላው ፎቶ ላንሣው። ትመጫለሽ?»

«በዚህ ብርድ? ብቻህንማ አትሂድ። ቁርስ በልተን አብረን እንሄዳለን።»

«እስከዚያ መጣሁ» ብሏት ወጣ።

ብቻውን ወጣ። ጉም ነው። ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ድልድዩ የለም። መንገዱ ጠፋበት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ከፊቱ ጥቁር ጃንጥላ ብቅ አለ። ከፍ ተደርጎ የተያዘ ጃንጥላ። ከሥሩ ሴት አለች፤ ጀርባዋን ነው ያየው። ከኋላዋ ሰዎች ተከትለዋታል። አስጎብኚ ናት! እሰይ፣ በነፃ ልጎብኝ ብሎ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ገባ።

ሴትዮዋ ታወራለች፤ ቋንቋው አይገባውም። ይሄዳሉ፣ ይከተላል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነው። የሱ ጫማ ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ ይላል። የነሱስ? ድምፅ የለውም። ደግሞ አየ። ከሱ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከነሱስ? ምንም።

ልመለስ አለ። እግሩ እንቢ አለው። ደረጃ ጀመሩ። ወረዱ። ወረዱ። እግሩ ቀዘቀዘ፤ የጠዋት ብርድ ነው አለ።

ስልኩ ጮኸ። ሰሎሜ ናት።

«የት ነህ?»

«ከጎብኚዎች ጋር ነኝ።»

«የምን ጎብኚዎች? ልፈልግህ ወጥቼ ድልድዩ ላይ ነኝ፤ ከላይ እያየሁህ ነው። ቃለአብ፣ ብቻህን ነህ! ወንዝ ውስጥ ነህ!»

ዝቅ ብሎ አየ። ውኃው ወገቡ ላይ ደርሷል።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዞረች። ፊቷ ነጭ ነው፤ ውኃ ውስጥ ከርሞ ያበጠ ፊት።

«ዝጋው» አለችው። በአማርኛ!

ጮኸ። ስልኩን ጥሎ ደረጃውን እየቧጠጠ ወጣ። ሰሎሜ እየሮጠች ደርሳ ኮቷን አለበሰችው። ከዚያ በጣቷ መሬቱን አሳየችው።

ድንጋዩ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ ሞልቷል። የባዶ እግር ዱካ፤ የሃያ፣ የሠላሳ ሰው። ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድም የለም። ሁሉም ከውኃው ወጥቶ፣ እነሱ በቆሙበት ግራና ቀኝ አልፎ፣ ወደ ከተማዋ ገብቷል።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን ብቻውን ወደ ቤቱ የሚሄድ ማን ነው? ማንም? ደግ አደረጋችሁ። ተያይዛችሁ ሂዱ።