ባዶው መደብ

«ዛሬስ? ከፍ ከፍ ብሏል?» አለ አባቷ፣ በፋሻ የተሸፈነ ፊቱን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሮ።

ልጅት ዓይኗን በጨው አጥባ «በጣም! አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኗል» አለች። የያዘችው ሻይ ግን እንደ ሬት መረራት።

አባቷ ዓይኖቹን ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ነበር የጓሮውን መደብ በጣቱ እየሰነጠቀ የቅጠል ሽንኩርት ዘር የዘራው፤ ራስ የማያወጣውን፣ ቅጠሉ የሚበላውን። «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው» ብሎ ውኃውንም አረሙንም ለእሷ አደራ ሰጠ።

እሷ ደግሞ ሥራ ከያዘች ልክ የላትም። መደቡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሣር ብቅ ብቅ ሲል አንድም ሳታስቀር ለቀመችው። ላቧን ልትጠርግ እጇን ወደ ፊቷ ስታስጠጋ ሽንኩርት ሸተታት። ደንግጣ ከነቀለችው አንዱን አንስታ አየች፤ ጫፉ ላይ ጥቁሩ የዘር ቅርፊት ገና አልወደቀም። መልሳ ብትተክለውም ፀሐዩ አልማረውም።

እውነቱን ልትነግረው አፏን በከፈተች ቁጥር ደስታው ያሳዝናታል፤ መልሳ ትዘጋዋለች። በዚህ መሀል ነው ሰፈሩ «መላ» እያለ የሚጠራት ጓደኛዋ የደረሰችላት።

«ፋራ አትሁኚ ባክሽ! ከነሥሩ ከገበያ ገዝተን ሰካ ሰካ ማድረግ ነዋ። ማን ይነቃል?»

ፋሻው የሚፈታው ነገ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ተጋግዘው የመደቡን ግማሽ ሰክተዋል፤ መላ የቀረውን ከሰዓት በኋላ ይዛ ትመጣለች።

አባቷ ግን ከወንበሩ ተነሣ። «እስኪ ምሪኝ። ነገን መጠበቅ አቃተኝ፤ በእጄ ልዳብሰው።»

እምቢ ማለት አልቻለችም። ትከሻዋን ይዞ፣ መሬቱን በእግሩ እየፈተሸ ተከተላት።

«ዳዴ ስትይ እኔ ነበርኩ የምይዝሽ» አለ እየሳቀ። «ዛሬ ተራሽ ደረሰ።» መደቡ ዳር ቁጢጥ ሲል ድምፁ ለስለስ አለ። «ይሄን ሰሞን እኮ በአንቺ ዓይን ነው ሳይ የሰነበትኩት፣ የኔ ልጅ።»

በእሷ ዓይን ምን እንዳየ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አባቷ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከገበያ የመጣው ሽንኩርት እዚያው አጠገቡ ነው፤ ጣቱን ትንሽ ገፋ ብታደርገው ይነካዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። የእጁን አንጓ ያዘች። አረንጓዴውን አሳልፋ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ወሰደችውና መዳፉን ባዶው አፈር ላይ አሳረፈችው፤ የራሷንም እጅ ከላይ ጫነች።

«አባዬ፣ እዚህ ምንም የለም።»

ጣቶቹ ቀጥ አሉ። እጁን ግን አልሰበሰበም።

«ሣር መስሎኝ ነው» ብላ ጀመረች።