ሌዊ የሚተኛበት ሰዓት

«ሌዊ ደረጃው ላይ ወድቋል፣ እትዬ ኂሩት። አልተነሳም።»

የደወለችው ፀደንያ ነበረች፤ ከዙሪክ። ኂሩት ጄኔቭ አጠገብ ቬርኒየ ባለው ቢሮዋ ሆና፣ ስብሰባው ካለቀ አንድ ሰዓት ያህል ሆኖት ኮምፒውተሯን ገና መዝጋቷ ነበር። ከስልኩ ወዲያ ሕፃን ልጅ ያለቅሳል።

«አምቡላንስ ጠራሽ?»

«መጥተዋል። ፊቱን ሸፍነውታል።»

ኂሩት ወንበሯን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። ቀድሞ ልቧ ውስጥ የገባው ሐዘን አልነበረም። «ምነው ስብሰባውን በጠዋት ባደረግሁት» የሚል ጸጸት ነበር።

ኂሩት አምሳ ዓመትን የተሻገረች ሴት ናት። ለስደተኞች ከጠበቆቻቸውና ከሐኪሞቻቸው ጋር ሲነጋገሩ በስልክ የሚያስተረጉም አነስተኛ ድርጅት አቋቁማ ትመራለች። እሷ ጄኔቭ ስትቀመጥ ሦስቱ ባልደረቦቿ የሚኖሩት ዙሪክና አካባቢው ነበር። ወዳጄ የሚባለው በዕድሜ ታላቃቸው፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ ሁሉም «ጋሽ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ፀደንያ ትንሽ ልጅ ያላት ወጣት እናት ስትሆን ዙሪክ አጠገብ ባለችው አድሊስቪል ውስጥ ከሌዊ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ትኖራለች። ሌዊ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እኩለ ቀን ላይ የሚውጠው መድኃኒት እንደ ድንጋይ ያስተኛዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሥራ ጀምሮ ለምሳ ይጨርስ ነበር። ሲቀጠር ኂሩት «ከምሳ በኋላ ማንም አይጠራህም» ብላ ቃል ገብታለት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቃሏን ጠበቀች። ኋላ ግን አንድ ቀን «ለዛሬ ብቻ» አለች፤ ሌላ ቀን «አጭር ናት፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አለች። ሌዊ አላጉረመረመም። መድኃኒቱን አዘግይቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይገባ ነበር። ዝም ሲል ጊዜ የተስማማ መሰላት፤ ወይም እንዲመስላት ፈለገች።

የዚያን ዕለቱ የኢንተርኔት ስብሰባም ከምሳ በኋላ ነበር።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በቀላሉ ገመቱት። የዕለቱ እንክብል ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ተገኝቷል። ሰውየው ለስብሰባው ሲል መድኃኒቱን ተወ፤ በሽታው ተነሣበት፤ ከደረጃው ወደቀ። ፀደንያ ይህን ለኂሩት ስትነግራት ጥፋተኛ ብላ የማንንም ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ከዙሪክ ፖሊስ አንዲት መርማሪ ቬርኒየ ድረስ መጣች። ሐሴት ትባላለች። ያደገችው እዚያው አቅራቢያ፣ ሌ ሊኞ በሚባለው ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና በዝግታ መጠየቅ ጀመረች።

«ወይዘሮ ኂሩት፣ ሌዊ ስብሰባው ላይ ነበር?»

«ገብቶ ነበር። ስሙን አይቻለሁ። ግን ሰላም እንኳ ሳንባባል ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ጋሽ ወዳጄ ሰላምታዬን ሲመልሱልኝ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ተሰማ። ማይካችሁን ዝጉ አልኩ፤ ጸጥ አለ። ኋላ ሳይ የሌዊ ስም የለም። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መሰለኝ።»

«ስሙ ከፉጨቱ ጋር አብሮ ነው የጠፋው?»

«አይደለም፤ ቆይቶ ነው። የዕለቱን ጉዳዮች ማንበብ ስጀምር ገና ነበር።»

«መልሰው አልደወሉለትም?»

ኂሩት ጣቶቿን አቆላለፈች። «እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«የሚተኛበት ሰዓት መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

«ሰዓቱ ለሁሉም የተመቸ ነበር።»

«ለሁሉም ሲሉ ለእነማን ነው?»

ሐሴት ተነሣች። ስትወጣ «ነገ አድሊስቪል ለለቅሶ ይመጣሉ አይደል? እዚያ እንገናኝ» ብቻ አለች።

ኂሩት ወደ ዙሪክ በሚወስደው ባቡር ላይ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ሄደች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። የሌዊ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ደውሎ፣ «እትዬ ኂሩት፣ ስብሰባውን በጠዋት ያድርጉልኝ። ስለዚያች ስደተኛ፣ ስለ ሀጂራ፣ ትርጉም የምናገረው አለኝ። ነቅቼ ልናገረው እፈልጋለሁ» ብሏት ነበር። እሷም እሺ ብላው ነበር።

አድሊስቪል ስትደርስ ሐሴት በሌዊ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ደረጃው ቁልቁል ትመለከታለች። ፀደንያ ልጇን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ከታች ሲል ከሚባለው ወንዝ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል።

«ጫማ አላደረገም ነበር» አለች ሐሴት። «ካልሲ ብቻ። ከላይ ግን ሸሚዝና ኮት ለብሷል፤ ስብሰባ ላይ ሊታይ። በስብሰባ መሀል ሰውን በካልሲው ደረጃ ላይ ምን ያወጣዋል?»

«በሽታው ሲጀምረው የሚያደርገውን አያውቅም» አለች ፀደንያ።

«ይሆናል። ኮምፒውተሩስ? ተከድኖ ነው የተገኘው። ስልኩ ደግሞ የለም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔና ጋሽ ወዳጄ። ድንገት ቢጥለው ብሎ ለሁለታችንም ሰጥቶናል።»

«እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እታች ቤቴ። ካሜራዬ ክፍት ነበር፤ እትዬ ኂሩት አይተውኛል። ልጄ እየጮኸ ስላስቸገረኝ ማይኬን ዘግቼ ማዳመጫ አድርጌ ነበር።» ፀደንያ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ማዳመጫው ባይኖር ሲወድቅ እሰማው ነበር። ደግሞ ተቀይሜውም ነበር። የከሰዓቱ ጥሪ ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። የእሱ ሰዓት ይከበርለታል፣ የእኔን ማን ያከብርልኛል እል ነበር።»

ይህን እየተናገረች ሳለ ወዳጄ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ደረጃውን ወጣ። ሌዊ የወደቀበት ቦታ ሲደርስ ግድግዳውን ታክኮ አለፈ። ኂሩትን አቅፎ አለቀሰ።

«ጋሽ ወዳጄ» አለች ሐሴት እስኪረጋጋ ጠብቃ፣ «በስብሰባው ሰዓት የት ነበሩ?»

«ጄኔቭ። ጠዋት ሆስፒታል ሳስተረጉም ቆይቼ፣ ስብሰባውን እዚያው ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር እህቴ ቤት ሆኜ ነው የተካፈልኩት።»

«ካሜራዎ ክፍት ነበር?»

«መስመሩ ደካማ ስለሆነ ዘግቼው ነበር።»

«በመጨረሻ በጸሎት የዘጉልን እኮ እሳቸው ናቸው» አለች ኂሩት፤ ሽማግሌው እንደ ተጠርጣሪ መጠየቁ ከብዷት።

«ረጅም ጸሎት ነበር?»

«አይ፤ የዚያን ዕለት አጭር ነበር።»

ሌሎቹ ወደ ፀደንያ ቤት ሲወርዱ ኂሩት ወደ ኋላ ቀረች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሐሴትም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትናንት አልነገርኩዎትም» አለች ኂሩት። «ሌዊ በጠዋት ይሁንልኝ ብሎኝ ነበር። ስለ አንዲት ሀጂራ የምትባል ስደተኛ ትርጉም የሚናገረው ነበረው። እሺ ብዬው ሳበቃ ቀየርኩት።»

«ማን አስቀየረዎት?»

«ሁለቱም። ፀደንያ ጠዋት ልጇን ለግማሽ ቀን መዋያ ታደርሳለች። ጋሽ ወዳጄ ጄኔቭ ሥራ አለኝ አሉ። ሁለት ለአንድ ሆነና ሌዊን መጠየቅ እንኳ ተውኩ። የተቀየረውን ሰዓት ብቻ ላክሁለት።»

«የሚናገረው ጉዳይ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«ጥሪውን በላክሁ ጊዜ 'ሌዊ ስለ ሀጂራ ትርጉም ይናገራል' ብዬ ለሁሉም አስታውቄያለሁ።»

«ለሀጂራ ያስተረጎመላት ማን ነበር?»

«ሁለቱም፤ በተለያየ ጊዜ። የማን ትርጉም እንደሆነ ሌዊ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።»

«ለምን ትናንት ደበቁኝ?»

«የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው።»

«ሀጂራን የት አገኛታለሁ?» ብላ ጠየቀች ሐሴት። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሙያ እየተማረች መሆኗን ኂሩት ነገረቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሴት ሦስቱንም በድርጅታቸው የዙሪክ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። በጠዋት ነበር የጠራቻቸው። ሌዊ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም።

«ሌዊን በሽታው አልጣለውም» ብላ ጀመረች ሐሴት። «ሕመም የጣለው ሰው ከወደቀበት ተመልሶ ኮምፒውተሩን አይከድንም። ወይዘሮ ኂሩት ፉጨቱ ከተሰማ በኋላም ስሙን አይተውታል፤ የጠፋው ቆይቶ ነው። ሌዊ በካልሲው እንደወጣ ቀርቷል። ኮምፒውተሩን የከደነው ቤቱ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው በሩን በቁልፍ ነው የከፈተው።»

ፀደንያ ልጇ አጠገቧ ባይኖርም እጇን ወደ ጭኗ ሰበሰበች።

«አሁን ወደ ፉጨቱ እንምጣ። ጸሎት ቤታችሁ ውስጥ ማይክ የያዘ ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ምን ይሆናል?»

«ይጮኻል» አለች ኂሩት።

«የዚያን ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። አንድ ስብሰባ ውስጥ የገቡ ሁለት መሣሪያዎች፣ ማይካቸው ክፍት ሆኖ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ፣ የአንደኛው ድምፅ ከሌላው እየወጣ ተመልሶ ይገባና ይጮኻል። ሌዊ ሰላም ሊላችሁ ማይኩን ከፍቷል። የፀደንያ ማይክ ዝግ ነበር፤ እሷም ቤቷ ሆና ትታያለች። ወይዘሮ ኂሩት፣ ሲጮኽ ይናገር የነበረው ማን ነው?»

«ጋሽ ወዳጄ» አለች ኂሩት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «'ጌታ ይመስገን' ሲሉ ነው የጮኸው።»

«ጄኔቭ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ወዳጄ።

«እህትዎ በዚያ ቀን አልመጡም ብላለች። በዚያ ጠዋት ሆስፒታሉም ለማንም አስተርጓሚ ጥሪ አላደረገም። ሥራ ያልነበረው ሰው ጠዋት አይመቸኝም ያለው ለምንድን ነው? ከሰዓት ከሆነ ሌዊ ስብሰባውን ትቶ መድኃኒቱን ውጦ ይተኛል ብሎ ስላሰበ ነው። እናንተ ስትሰበሰቡ ይኸው ሰው በቁልፉ ገብቶ ሌዊ ስልኩ ላይ የያዘውን የሀጂራን የድምፅ ቅጂ ከነስልኩ ሊወስድ አሰበ። ከራሱ ስልክ ስብሰባው ውስጥ ገብቶ ስለነበር 'ጋሽ ወዳጄ፣ ሰላም ነዎት' ሲባል መለሰ። ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ሌዊ አልተኛም። ለስብሰባው ብሎ ነቅቶ፣ በሩን ዘግቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፉጨቱን ሲሰማ ወጣ።»

ኂሩት ዓይኗን ጨፈነች። ወዳጄን ያስገባችውም፣ ሌዊን ነቅቶ እንዲጠብቀው ያደረገችውም እሷው በመረጠችው ሰዓት ነው።

«ቅጂው ላይ ምን አለ?» ስትል ፀደንያ ጠየቀች።

«ሀጂራ ከጠበቃዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር በራሷ ስልክ ቀድታ ለሌዊ ልካለት ነበር። ዛሬም አላት፤ አሰምታኛለች። እሷ 'ወንድሜን ከቤት አውጥተው ወሰዱት' ትላለች። ጋሽ ወዳጄ 'ወንድሟ ከቤት ወጥቶ ሄደ' ብለው ተረጎሙ። የጥገኝነት ጥያቄዋ በዚህ ምክንያት ውድቅ ሆነ።»

ወዳጄ ባዶውን ወንበር አየ።

«ደክሞኝ ነበር» አለ። «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፤ በትክክል አልሰማኋትም። ኋላ ሳውቅ ደግሞ ስሜን አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተረጎመ ሰው፣ ምእመኑን የሚመክር ሰው ተሳሳተ ሊባል ነው ብዬ። ሌዊ ደረጃው ላይ ደርሶብኝ እጅጌዬን ያዘኝ። አልተሳደበም። 'ጋሽ ወዳጄ፣ ልጅቷን ይቅርታ ይጠይቋት፤ ሌላው ይስተካከላል' ነው ያለኝ። እጄን መንጭቄ አላቀቅሁ። ወደቀ።»

«ይተነፍስ ነበር?» አለች ሐሴት።

«ይተነፍስ ነበር።»

«እና?»

«ተመልሼ ገብቼ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ከዚያ ስልኩን ይዤ አጠገቡ አልፌ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ኂሩት በጸሎት ዝጉልን አለችኝ። ዘጋሁ።»

በሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ገብተው ወዳጄን ይዘውት ሄዱ። ፀደንያ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ታለቅሳለች። ኂሩት ተነሥታ ሐሴትን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«እኔስ?»

«በሕግ እርስዎን የሚጠይቅ የለም።»

«ከሕግ ውጪስ?»

ሐሴት የካፖርቷን ቁልፍ ቆለፈች። «እሱን መርማሪ አይመልስልዎትም፣ ወይዘሮ ኂሩት። ሀጂራ ግን ይግባኝ የምትልበት ጊዜ አላለፈም። ትርጉሙን እንደገና የሚሠራላት ሰው ትፈልጋለች።»

ኂሩት ያን ቀን ከሰዓት ለሀጂራ ደወለችላት። ማንነቷን ተናገረች፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ «ለመገናኘት ላንቺ መቼ ይመችሻል?» አለቻት።

«እኔ የማርፈው እሑድ ጠዋት ነው» አለች ሀጂራ። «እርስዎ ግን ጸሎት ቤት ይሄዳሉ አይደል?»

«እሑድ ጠዋት እመጣለሁ።»

መጣችም። ሀጂራ የምትኖርበት ክፍል ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቅጂው ተከፈተ። የወዳጄ ድምፅ ሲሰማ ሁለቱም ሳይተያዩ አዳመጡ። ኂሩት እያስቆመች፣ እየመለሰች፣ አንድ በአንድ ጻፈች። ያች ዐረፍተ ነገር ስትደርስ ብዕሯን አንሥታ ቀና አለች።

«'አውጥተው' ነው ያልሽው?»

«አውጥተው» አለች ሀጂራ። «እየጎተቱ።»

ኂሩት ጻፈችው።