የዶላሞ አምስት ቀን

ሰው የልቡን ላለመስማት የማይፈጥረው ዘዴ የለም። የእኔ ዘዴ ሠንጠረዥ ነበር።

ጂንካ ካለች ትንሽ ሱቄ ሆኜ በቴሌግራም እሸጣለሁ፤ የፀሐይ መብራት፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ። ዕቃውን ወደ ወይጦ፣ ወደ ዲመካና ወደ ኦሞራቴ የሚያደርሱልኝ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት የሚኒባስ ሾፌሮችና ባለሞተሩ ዶላሞ። ዕቃው የወጣበትንና ደንበኛው «ደረሰኝ» ብሎ የጻፈልኝን ቀን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ።

ዶላሞ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ካርቶኑን ሞተሩ ላይ ሲያስር ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ስልኬን የማይ እመስላለሁ። አንድ ቀን ገመዱን ሳቀብለው ጣቶቻችን ተነካኩ። የጣቱን ንክኪ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ።

የስድስት ወሩን መዝገብ ሳወዳድር ግን ለማድረስ ሚኒባሶቹ በአማካይ ሁለት ቀን፣ ዶላሞ አምስት ቀን ሆነ። ደጋግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ለምወደው ሰው አደላች እንዳልባል ፈራሁ። ማን እንደሚለኝ እንጃ፤ የምኖረውም የምሠራውም ብቻዬን ነው።

«አምስት ቀን ይፈጅብሃል» አልኩት ስልኩን እያሳየሁት። «ከእንግዲህ ከሚኒባሶቹ ጋር ልሥራ።»

ሠንጠረዡን ብዙ አየው። «እኔ ዕቃሽን ይዤ መንገድ ላይ አልቀመጥም፣ አቢጊያ።»

«ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዓይኔን ወደ ስልኬ መለስኩ። ገመዱን ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቱ አልገፋ አለኝ። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩን አያለሁ፤ ሌላ ሰው ነው።

እሱ ከሄደ በአራተኛው ወር ደንበኛዬ አቶ ሶርሳ ሱቄ ድረስ መጡ። ከብታቸውን ይዘው ከኦሞራቴ ወዲያ ነው የሚኖሩት።

«ያ ባለሞተር ልጅ የት ገባ? አሁን ሾፌሮቹ ዕቃችንን ከተማ ጥለውት ይሄዳሉ። እሱ በረታችን ድረስ ነበር የሚያመጣው፤ በማግስቱ።»

«በማግስቱ? እርስዎ እኮ ‹ደረሰኝ› የሚሉኝ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ቀን ነው።»

«እኛ ጋ ኔትወርክ የት አለ፣ ልጄ? ለገበያ ከተማ ስንወጣ ነው የምንጽፍልሽ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከከተማ የራቀውን ደንበኛ ሁሉ ለዶላሞ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ሾፌሮቹ እዚያ ድረስ አንሄድም ስላሉኝ። ደንበኞቹ ገበያ እስኪወጡ የቆዩትን ቀን በእሱ ላይ ቆጠርኩበት።

ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ጻፍኩለት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ አንድም ቀን አልዘገየህም። ያን ጠዋት ምን ትያለሽ ስትለኝ፣ እወድሃለሁ ማለት ነበረብኝ።»

አንድ ቀን ዝም፤ ሁለት ቀን ዝም። እሱም ኔትወርክ የሌለበት ሄዶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በአምስተኛው ቀን መለሰልኝ።

«ደረሰኝ፣ አቢጊያ። ብዙ ጠብቄሽ ነበር። ባለፈው ወር ቀለበት አሰርኩ።»

አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ሠንጠረዡን ከፈትኩና ከዶላሞ ስም ፊት ያለውን አምስት አጥፍቼ አንድ ጻፍኩ። ገመዱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።